ሳቢሳዎቹ ሳይወርዱ

ባለፈው ሰኔ የመጨረሻዋን ላሜን ሸጥኩ። ገዢው ከሱሉልታ የመጣ ጎልማሳ ነው። ገመዷን ከእጄ ሲቀበል ፊቴን አይቶ «አባባ፣ አይዞዎት፣ ጥሩ ሣር ያለበት ነው የምወስዳት» አለኝ። «ለሷ መቼ አዘንኩ፣ ለራሴ ነው እንጂ» ስለው ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ባለችው ጠባብ ግቢዬ ላም ማርባት ከዘመኑ ጋር አልሄደም። ጎረቤቶቼ በእበቱ ሽታ ተማረዋል፤ ልጆቼም እንግዳ በመጣ ቁጥር በረቱን በአንሶላ ሊከልሉት ይሞክራሉ። እንዲህ ሆኜ ከሥራዬ ተሰናበትኩ። የሸኘኝ አለቃ የለም፣ የተጻፈልኝ ወረቀትም የለም።

አሁንም ግን ሌሊት አሥር ሰዓት ሲሆን እነቃለሁ። የማልበው የለም፤ ቁጭ ብዬ ጣቶቼን አያለሁ። ባለቤቴ «ከምታፈጥጥ ጻፍ፣ ቢያንስ እኔ እተኛለሁ» አለችኝ። ስለዚህ ይኸው እየጻፍኩ ነው። የምጽፈው ስለ ከብት፣ ስለ ወፍና አያ ይመር ስለሚባሉ አንድ ሰው ነው። ከጣሊያን በፊት የነበረ ነገር ነው፤ ያኔ ከተማችን ገና ሣር ትሸት ነበር።

የተወለድኩት ጊዮርጊስ ጀርባ ነው። አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። እኔም መርፌ እንድይዝ ብዙ ደከሙ፤ መርፌው ከጣቴ እንጂ ከቆዳው አልገባ አለ። ከዚያ አንድ ግሪክ ሱቅ ተቀጠርኩ፤ ባለሱቁ ሲናገር አነጋገሩን እየቀዳሁ ደንበኞቹን ሳስቅበት ያዘኝና አባረረኝ። ምላሴ ከእጄ የፈጠነ ልጅ ነበርኩ። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ አጎቴ እጄን ይዞ ከቀበና ወንዝ ማዶ ከብት ወደሚያረቡ አንድ ሰው ወሰደኝ። ባላምባራስ እንላቸው ነበር። ልጆቻቸው ዛሬም ስላሉ ስማቸውን አልጽፍም። ሠላሳ ያህል ላሞች ነበሯቸው፤ ወተቱ አራዳ ላሉ ሆቴሎች፣ ለአንድ አርመን ዳቦ ቤትና ለፈረንጆች ቤት ይሄዳል። የእኔ ሥራ ወተቱን በበቅሎ ጭኖ ማድረስ ሆነ። ደመወዜ ቀለብ፣ በዓመት አንድ ኩታ፣ በየሁለት ዓመቱ ደግሞ አንዲት ጊደር ነበር። ጊደሯን ስሰማ በሆዴ ሳቅሁ። የአራዳ ልጅ ጊደር ምን ታደርግለታለች?

በመጀመሪያው ጠዋት ነጠላ ጫማዬን አድርጌ በረት ገባሁና እበት ላይ አንሸራተተኝ። በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ ድምፅ «የገበያው ልጅ፣ ከብቶቹ እንዳይደነግጡ ቀስ ብለህ ውደቅ» አለኝ። አያ ይመር ነበሩ፤ የከብቶቹ ኃላፊ። የወሎ ሰው፣ ቀጭን፣ ፂማቸው ገና መሸበት የጀመረ፣ ከሱብሒ ሶላታቸው ተነሥተው ቀጥታ ወደ ላም የሚሄዱ ሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ የገበያው ልጅ ሆኖ ቀረ። ተክሌ ብለው የጠሩኝ ሲቆጡ ብቻ ነው።

ማለብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ጥጃው ይለቀቃል፣ ጥቂት ይጠባል፣ ላሚቱ ወተቷን ስትለቅ ጥጃው ከእግሯ ሥር ይታሰራል። ግንባርህን ከጎኗ ታስደግፋለህ፤ ልትራገጥ ስታስብ ሆዷ ቀድሞ ይነግርሃል። ማለቢያው በወይራ ጭስ ካልታጠነ አያ ይመር አይነኩትም። እጄ ከታጠበ በኋላ እንኳ አፍንጫቸው ድረስ አምጥተው ያሸቱታል። አንድ ጊዜ ትንባሆ ሸተታቸውና ቀኑን ሙሉ እበት ሲያስጠርጉኝ ዋሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን ወፍ ማየት ነበር። እኔ ከብት ጠባቂ ከብት የሚያይ ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸው ከከብቱ በፊት ወፉን ያያሉ። ቀይ አፍ ያላቸው፣ ከብት ጀርባ ላይ እየተንጠላጠሉ መዥገር የሚለቅሙ ወፎች አሉ። አንዲት ላም ላይ አራት አምስት ሆነው ከሰፈሩ አያ ይመር ያቺን ላም ለይተው ጆሮዋን፣ ጡቷን፣ የጭራዋን ሥር ይፈትሻሉ። ወፎቹ አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ከነቆሩ ከፀጉሩ ሥር ቁስል አለ ማለት ነው። ቁራ ከላም ፊት ለፊት መሬት ላይ ቆሞ ካፈጠጠ ላሚቱ ልትወልድ ተቃርባለች ይላሉ። ይህን ሲነግሩኝ አሾፍኩ፤ በማግስቱ ላሚቱ ወለደች። ማሾፌን ባልተውም ቀነስኩ።

ክረምቱ አልፎ ጥቢ ሲገባ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ከቀበና እስከ እንጦጦ እግር ድረስ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። ጅራታቸውን የሚወዘውዙ ቢጫ ወፎች ከሩቅ አገር መጥተው በከብቶቹ እግር መካከል ይሯሯጣሉ፤ አንድ ቀን እንኳ አንዷ ስትረገጥ አላየሁም። ሽመላ በሰማይ ያልፋል። ነጫጮቹ ሳቢሳዎች ደግሞ ወንዙ ዳር ባለው ባሕር ዛፍ ላይ ያድራሉ፤ ጎህ ሲቀድ ዛፉ ነጭ ልብስ የተሰጣበት ይመስላል።

የአያ ይመር ትልቁ ሕግ የሚመለከተው እነዚህን ሳቢሳዎች ነበር። በጥቢ መጀመሪያ በረቱ ፊት ለፊት ያለው መስክ ማገጥ በሚባለው ባለ ሦስት ቅጠል ለምለም ሣር ይሞላል። ከብት ይወደዋል፤ በጤዛ ርሶ ሳለ በባዶ ሆዱ ከበላው ግን ሆዱ ይነፋል፣ ጎኑ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ካልደረሱለትም ይሞታል። ጤዛው ሲደርቅ አንበጣና ፌንጣው መዝለል ይጀምራል፤ ሳቢሳዎቹም ያንን ሊለቅሙ ከዛፉ ይወርዳሉ። አያ ይመር ሳቢሳዎቹ ወርደው መስኩ ውስጥ መራመድ እስኪጀምሩ ድረስ የበረቱን መወርወሪያ አያነሡም። ላሞቹ እምቧ ቢሉ፣ ባላምባራስ ቢቆጡ ግድ የላቸውም። በሩ ላይ ተደግፈው፣ አንገታቸውን አቅንተው ዛፉን ያያሉ። «ጤዛውን በእጅ መንካት አይበቃም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «እጅህ የሚነካው እግርህ ሥር ያለውን ነው፤ እነሱ መስኩን በሙሉ ያዩታል» አሉኝ።

በዚህ የወፍ ነገር ጓደኛም ነበራቸው። ከአንዱ የውጭ አገር ሌጋሲዮን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ ፈረንጅ ሐኪም ነው። አንገቱ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር አንጠልጥሎ፣ ደብተር ይዞ፣ አያ ይመር አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ቋንቋ አይግባቡም። እሱ በጣቱ ያሳያል፣ እሳቸው ስሙን ይነግሩታል፣ እሱ ይጽፋል። አንድ ቀን መነጽሩን ሰጣቸውና ሳቢሳ አዩበት። ቶሎ ብለው መለሱለት። «ምነው አያ?» ስላቸው «በሰላም በተቀመጠ ሰው ላይ በሩ ድረስ ሄዶ ማፍጠጥ ነው፣ ነውር ነው» አሉኝ። ይህን ለፈረንጁ ማስረዳት አልቻልኩም፤ እሱ ግን ገብቶት እንደሆነ እንጃ፣ ቀና ብሎ ሳቀ።

አያ ይመር ለምን እንዲህ እንደሚጠነቀቁ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በክፉው ቀን፣ ያ ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ አገሩን ሲያራቁት፣ የአባታቸው ከብት በሙሉ በአንድ ሳምንት አለቀ። ልጅ ነበሩ። እናትና አባታቸውን ከከብቱ ኋላ ቀበሩ። የቀረች አንዲት እህታቸውን ዘመድ ጋ ትተው ሲወጡ «ላም ይዤ ካልመጣሁ አልመጣም» አሏት። ሃያ ስንት ዓመት አለፈ። አሁን ባላምባራስ ዘንድ በደመወዝ ካገኟት ጊደር የተወለደች ዳልቻ የምትባል አመድማ ላም ነበረቻቸው፤ ከባላምባራስ ከብት ጋር ትውላለች፣ የእሳቸው ግን እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ ጊደሮች በሕመምና በችግር ሄደዋል። ዳልቻ በዚያ ዓመት ከብዳ ነበር፤ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። ከመስቀል በኋላ ወንዞቹ ሲጎድሉ የወሎ ነጋዴዎች ከአራዳ ይነሣሉ፤ አያ ይመርም ላማቸውን ይዘው አብረው አገራቸው ሊገቡ ነው። «እህቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፣ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ላሟ ትግባ እላለሁ» ይሉኝ ነበር። ይህን ሲናገሩ ፊታቸው የልጅ ፊት ይሆናል።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ባርኔጣ ገዛሁ። አራዳ ከአንድ ሕንድ ሱቅ፤ ቡኒ፣ ዙሪያውን ጥቁር ሐር የታሰረለት። ደመራ ዕለት ያንን ባርኔጣ አድርጌ ጓደኞቼ መካከል ካልታየሁ የምሞት መስሎኝ ነበር። በዕለቱ ጠዋት አያ ይመር ከነጋዴዎቹ ጋር የመንገዱን ነገር ሊጨርሱና አሞሌ ጨው ሊገዙ ወደ አራዳ ሊወርዱ ተነሡ። በሩ ላይ ቆመው «ሳቢሳዎቹ ሳይወርዱ እንዳትከፍት። ወተቱ ቢዘገይ እኔ እጠየቃለሁ» አሉኝ። «እሺ አያ፣ ምነው እንደ ሕፃን!» አልኳቸው።

አልቤ ጨረስኩ። ፀሐይዋ ወጣች። ሳቢሳዎቹ ዛፉ ላይ ናቸው። ጠበቅሁ። አንዱ ክንፉን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበ። ላሞቹ ማገጡ ሸቷቸው መወርወሪያውን በደረታቸው ይገፋሉ። በቅሎዋ ተጭናለች፣ ባርኔጣው ጎጆ ውስጥ ተሰቅሏል፣ ከሩቅ ጊዮርጊስ አካባቢ የልጆች ሆታ ይሰማኛል። ጎንበስ ብዬ እግሬ ሥር ያለውን ሣር ነካሁት፤ ደርቋል። «በቃ ደርቋል» አልኩ ለራሴ። አንገቴን ቀና አድርጌ እንደገና አየሁ፤ አንዲት ሳቢሳ እንኳ አልወረደችም። ይህን አይቼ፣ አውቄ፣ መወርወሪያውን አነሣሁ።

አንድ ሰዓት አልሞላም። ወተቱን አድርሼ እስክመጣ የባላምባራስ አሽከር ከብቶቹን እንዲያይልኝ ለምኜው በቅሎዋን ስጎትት ነበር የጠራኝ። ስመለስ ሦስት ላሞች ግራ ጎናቸው ተነፍቷል። ያስተማሩኝ ትዝ አለኝ፤ በአንዷ አፍ እንጨት እንደ ልጓም አድርጌ እንጨቱን ከቀንዷ ጋር አሰርኩ፣ ስታኝክ ነፋሱ ይወጣል። በሌላዋ ጉሮሮ የኑግ ዘይት አፈሰስኩ። ሁለቱን እየገረፍን ዳገቱን አወጣናቸው፤ ቆይተው አገሱ፣ ተረፉ። ሦስተኛዋ ዳልቻ ነበረች፣ ከባድ ስለሆነች ዳገቱን እምቢ አለች። ተንበርክካ ተኛች። ዓይኗ ፈጠጠ፣ ምላሷ ወጣ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌዋ አጥንት መካከል፣ በግራ ጎኗ፣ አንድ ስንዝር የምታህል ጎድጓዳ ቦታ አለች። እዚያ ላይ ጩቤ ወግቶ የሸምበቆ ቧንቧ ማስገባት ነው፤ ነፋሱ እያፏጨ ይወጣል፣ ላሚቱም ትነሣለች። አያ ይመር በአንድ በሬ ላይ ሲያደርጉት አሳይተውኛል፤ ጩቤውና ሸምበቆው የሣር ክዳኑ ውስጥ የት እንደተሰካ አውቃለሁ። ሮጬ አመጣሁት። ቦታውን በእጄ ፈለግሁ። ተወጥሮ ጎድጓዳው ጠፍቷል። ጩቤውን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ደግሜ ዳሰስኩ። የመጣው ይምጣ ብዬ ልወጋ ስል ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ አሽከሩ «ምን ታያለህ? ነፍሷ ሳትወጣ እረዳት! ነገ መስቀል ነው፣ ሥጋው አይባክን!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም «እረዳት! እረዳት!» አሉ። እጄ ወደ ጎኗ የነበረው ወደ አንገቷ ሄደ። በስመ አብ ብዬ አረድኳት። መውጋት ፈርቼ ማረድ ደፈርኩ። እስከ ዛሬ ይህን ለራሴ ማስረዳት አልቻልኩም። ሆዷ ሲከፈት ጥጃው ፀጉር አብቅሎ ነበር።

አያ ይመር ቀትር ላይ መጡ። ጨው ተሸክመዋል፤ ትከሻቸው ላይ ደግሞ ለመንገዱ የገዙት አዲስ የላም ገመድ አለ። ሰዉ ሥጋውን በቅርጫ መድቦ እየተካፈለ ነበር። ቆዳዋን አዩት። አመድማውን ቆዳ ማን ይስተዋል? ክርስቲያን ያረደውን እሳቸው አይበሉም፣ ከላማቸው አንዲት ቁራጭ እንኳ አልደረሰቻቸውም። ጨውን ቀስ ብለው አወረዱ። ከዚያ ወደኔ መጥተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሳቢሳዎቹ ወርደው ነበር?»

«ወርደው ነበር አያ» አልኳቸው።

ስዋሽ ቅጣት የማመልጥ ነበር የመሰለኝ። ቢያንስ አንድ ጊዜ በዱላ እንዲሉኝ፣ ባላምባራስ እንዲያባርሩኝ መፍቀድ ነበረብኝ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቅንቀው «ወርደው?» አሉ፤ «ወርደው አዎ» አልኩ። ዛፉን አዩ፣ እኔን አዩ። «እንግዲህ እኔ አላውቅም ማለት ነው» ብለው ወደ ጎጆ ገቡ። ባርኔጣዬ እዚያው ተሰቅሎ ነበር። ያን ዕለት ደመራ አልሄድኩም።

ነጋዴዎቹ ያለ እሳቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አያ ይመር ወደ ሰማይ ማየት ተዉ። እውነቴን ነው፣ ወፍ አያዩም። በረቱን የሚከፍቱት ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው፤ ምንም ነገር ስለማያምኑ ሁሉን ይፈራሉ። ላሞቹ ረሃብ ገባቸው፣ ወተቱ ቀነሰ፣ ባላምባራስም «ይመር አረጀ» ማለት ጀመሩ። ቅዳሜ ፈረንጁ ሐኪም ሲመጣ አያ ይመር በረት ውስጥ ይገባሉ። ፈረንጁ ድንጋዩ ላይ ብቻውን ይቀመጣል፣ በጣቱ ወደ ወፍ ያሳየኛል፣ እኔም ስሙን አላውቅም እለዋለሁ። ብዙዎቹን አውቃቸው ነበር። አንድ ቀን አንዲት ላም ጀርባ ላይ ቀይ አፍ ወፎች ተከማችተው አይቼ «አያ፣ ይቺን ላም ይዩልኝ» አልኳቸው። «ወፍ ምን ያውቃል» አሉኝ። ከልባቸው ነበር የተናገሩት። ያን ቀን ለዳልቻ የገዙትን ገመድ ከማጀት አውጥቼ ራሴን ልሰቅልበት ቃጣኝ ብል ማጋነን ነው፤ ግን ጎጆ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ላማቸውን ብቻ አልነበረም የገደልኩት። የኖሩበትን እውቀት ነው የወሰድኩባቸው።

እስከ ጥር ያዝኩት። ከጥምቀት በኋላ ሌላ የወሎ ነጋዴ ጉዞ እንደሚነሣ ሰማሁ። አንድ ጠዋት ጎን ለጎን ተቀምጠን ስናልብ፣ ግንባሬን ላሚቱ ጎን ላይ እንደደገፍኩ፣ ፊታቸውን ማየት ስላልቻልኩ፣

«አያ፣ ያን ቀን ሳቢሳዎቹ አልወረዱም ነበር» አልኩ።

የወተቱ ድምፅ ቆመ።

«ምን አልክ?»

«አልወረዱም ነበር። እያየሁ ነው የከፈትኩት። ደመራ ልሄድ ቸኩዬ።»

«አንዱም አልወረደም?»

«አንዱም።»

«ደህና አይተሃል? ከወንዙ በታች በኩል ያለው ቅርንጫፍ ላይ ያሉትስ?»

«እነሱም እዚያው ነበሩ፣ አያ። ሁሉም ዛፉ ላይ ነበሩ።»

ተነሡ። ማለቢያው ተገለበጠ፣ ወተቱ ፈሰሰ፣ ዞር ብለው አላዩትም። ወደ ውጭ ወጡ። ተከተልኳቸው። በሩ ላይ ቆመው ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛፉን ቀና ብለው አዩ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ያረቢ! ያረቢ! አልዋሹም!» አሉ። እንባቸው በፂማቸው ላይ ይወርዳል፣ ግን ይስቃሉ። «አልዋሹም በለኝ እንጂ! እኔም አልተሳሳትኩም!» ከዚያ ዞረው በያዙት ዱላ ትከሻዬን አንድ ጊዜ አሉኝ። ክንዴ ደነዘዘ።

«ተክሌ» አሉኝ፣ «ላሜን ገደልክ፤ እሺ፣ ሰው ይስታል። አራት ወር ሙሉ ግን እኔን አሳበድከኝ። ሰማዩን ነው የዘጋህብኝ።»

ወደ በረት ተመልሼ የተገለበጠውን ማለቢያ አነሣሁ። ምላሴ የከዳኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ነጋዴዎቹ በሚነሡበት ጠዋት በሁለት ዓመት ደመወዜ የደረሰችኝን ጊደር ይዤ አራዳ ገበያ ሥር ወዳለው መሰብሰቢያቸው ሄድኩ። ባላምባራስ ካሉት ጊደሮች ምረጥ ብለውኝ የመረጥኳት ናት፤ ቀይ፣ ሰፊ ጀርባ፣ የጥሩ ላም ልጅ። አያ ይመር ጓዛቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ያ አዲስ ገመድ ግን አብሯቸው የለም፤ እኔ ነበርኩ ያመጣሁት፣ ጊደሯ አንገት ላይ አስሬው።

«አያ፣ ይቺን ይዘው ይግቡ።»

ጊደሯን መመርመር ጀመሩ። ጥርሷን፣ ሰኮናዋን፣ የጡቷን አቀማመጥ፤ የማያምኑት ነጋዴ ሊሸጥላቸው የመጣ ይመስል ነበር። ነጋዴዎቹ ቆመው ያያሉ። «የኋላ ግራ እግሯ ትንሽ ይጣመማል» አሉኝ በመጨረሻ። «ትንሽ» አልኩ። ገመዱን ተቀበሉኝ።

«የገበያው ልጅ፣ ጊደሯን ወስጃለሁ። ይቅርታው ግን እጄ ላይ የለም፤ ፈልጌዋለሁ፣ አላገኘሁትም። በውሸት ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልሄድም። ሳገኘው እልክልሃለሁ።»

ጊደሯን አስቀድመው ሄዱ። ቁልቁል ሲወርዱ ሰውነታቸውን ሳየው ዕድሜያቸው ሁሉ የቀለለ መሰለኝ። እኔ ገበያው መሃል ቆሜ ቀረሁ።

የከብቶቹ ኃላፊነት ወደኔ ዞረ። ባላምባራስ አንድ ቀን «በሩን ቶሎ ክፈት፣ የሆቴሉ ሰው ተቆጥቷል» ብለው ራሳቸው መወርወሪያውን ሊያነሡ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። ጌታን እጅ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ያ ዘመን ሰው ያውቃል። ደነገጡ፣ ዛፉን አሳየኋቸው፣ ቆመው ጠበቁ። ፈረንጁ ሐኪም ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን አልተወም፣ አሁን አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ሆንኩ። የወሎ ነጋዴዎች በገቡ ቁጥር አራዳ ወርጄ እጠይቅ ነበር፤ አንዱ አላውቃቸውም ይለኛል፣ ሌላው አይቻቸዋለሁ ይለኛል፣ ለኔ የተላከ ነገር ግን የለም። እንደዚህ ሦስት ጥቢ አለፈ።

በአራተኛው፣ አንድ ቅዳሜ፣ አራዳ ገበያ ውስጥ ወተት አድርሼ ስመለስ አንድ ጎልማሳ ነጋዴ ሰውን ሁሉ እያስቆመ «ወተት አመላላሹን ተክሌን የሚያውቅ!» ሲል ሰማሁ። ቀረብኩት።

«እኔ ነኝ።»

«የአያ ይመር ወዳጅ?»

ወዳጅ የሚለውን ቃል አልጠበቅሁትም ነበር። ራሴን ነቀነቅሁለት።

«ደህና ናቸው፣ አልሐምዱ ሊላህ። እህታቸው ጋ ነው ያሉት። ያቺ ቀይ ጊደር ሁለት ጊዜ ወልዳለች።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፣ ግራና ቀኝ አየ። «ስመጣ መንገድ ድረስ ሸኙኝና 'ልኬልሃለሁ ብሏል በለው' አሉኝ። ቃሉን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ግን ወንድሜ፣ የሰጡኝ ነገር የለም! ማር ይሁን ቅቤ፣ በሌላ ሰው ልከውት ይሁን አላወቅሁም። ወላሂ፣ ጓዜን ፈትሽ፣ እኔ ምንም አልነካሁም!»

እውነትም ጓዙን መፍታት ጀመረ። እጁን ያዝኩት። የፈታውን ገመድ መልሼ አሰርኩለት።

«ተወው፣ ወንድሜ። ደርሶኛል።»

«ደርሶሃል?» አለኝ ግራ ተጋብቶ። «መቼ?»

«አሁን» አልኩት።